የፍየሏ ካሴት

መጋቢት 20 ቀን 1990

እኔ ሳባ ክፍሌ፣ ዕድሜዬ ዐሥራ አምስት፣ አእምሮዬ ጤነኛ (እማዬ ትጠራጠራለች)፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በዚህ ደብተር ፊት ቆሜ የሚከተለውን እናዘዛለሁ፦ የአባባን የሬዲዮ ባትሪ የሰረቅሁት እኔ ነኝ። ወሩ የዐቢይ ጾም መሆኑን ዐውቃለሁ። ግን ባትሪ የፍስክ አይደለም።

አባባ ማታ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነቀነቀው፣ በመዳፉ መታው፣ ገልብጦ አየው። ዝም። «የድሮ ባትሪ እኮ ዓመት ይቆይ ነበር» አለ። አባባ ዘንድ ድሮ የማይሻል ነገር የለም። ድሮ መርከቦች ወደቡ ላይ ለመግባት ወረፋ ይይዙ ነበር። ድሮ እሱ የሚሠራበት የትራንዚት ቢሮ ውስጥ መቀመጫ አይገኝም ነበር። ድሮ የአሰብ ሙቀት ራሱ ጨዋ ነበር፤ ሲመሽ አፍሮ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን «ድሮ እኮ፣ ድሮም ይሻል ነበር» እስኪል እየጠበቅሁት ነው።

ባትሪው የተፈለገው ለቴፕ ነው። ቴፑ የነከይሪያ፣ ባትሪው የኛ። ከይሪያ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ልጅ ናት፤ አፋር ናት፣ አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ እኔና እሷ ከመዳህ ጀምሮ አብረን ተገርፈናል። ቴፑ ደግሞ የተፈለገው ካሴት ስለምንሠራ ነው። እውነተኛ ካሴት፣ የልጆች መዝሙር ያለበት። ስለ ፍየሏ።

ፍየሏ ማለት ክንፈ ቪዲዮ ቤት ያለችው የካርቱን ፊልም ናት። አንድ መርከበኛ ትቷት የሄደው ካሴት ናት፤ በምን አገር ቋንቋ እንደምታወራ እስከ ዛሬ የለየ የለም። አንዲት ነጭ ፍየል መርከብ ላይ ትሳፈርና የካፒቴኑን ካርታ ትበላለች። ከዚያ ወዲያ መርከቡ መንገድ የሚያውቀው እሷን ጠይቆ ነው። መንገድ ሲጠፋ መርከበኞቹ ሆዷ ላይ ጆሯቸውን ይደቅናሉ። ትንሽ ሆኜ ክንፈ ቤት አግዳሚ ላይ ቆሜ ለሰፈሩ ልጆች «እተረጉም» ነበር። ቋንቋውን አውቀዋለሁ ብያቸው። አመኑኝ። ክንፈ ራሱ አንድ ቀን ጠጋ ብሎ «እስቲ ሳባ፣ ጓለይ፣ ካፒቴኑ አሁን ምን አለ?» ብሎኛል። (ጓለይ በሱ ትግርኛ «ልጄ» ማለት ነው።)

የፊልሙ መጨረሻ የለም። ልክ መሬት ሲታይ የክንፈ ማጫወቻ ክሩን በላችው። ፍየሏ ካርታውን በላች፣ ማጫወቻዋ ፍየሏን በላች። ስለዚህ መጨረሻውን በየጊዜው እኔ ነኝ የምፈጥረው።

መጋቢት 23

ስቱዲዮ አገኘን። ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ በሩ የተገነጠለ ባዶ ኮንቴይነር አለ። ያሳየን ጋሽ አለልኝ ነው፤ የእማዬ አገር ልጅ፣ ተሳቢ እየነዳ ከአዲስ አበባ አሰብ የሚመላለስ። ገብተን «እ» ስንል «እእእእ» ይላል። ጋሽ ስለሺ የሙዚቃ አስተማሪያችን ሰምተው ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ድሮ በኪነት ቡድን ሳለን እንኳ እንዲህ ያለ አዳራሽ አልነበረንም።» (አባባ ብቻውን አይደለም። ማኅበር አላቸው።) ግን ማስተጋባቱ በዛ፤ ግድግዳው ላይ ወፍራም ጨርቅ ይሰቀል አሉ።

ሁለተኛ ኑዛዜ፦ የእማዬን ብርድ ልብሶች ከሣጥኑ አውጥቼ ሰቀልኳቸው። እሷና አባባ ከደሴ ሲመጡ ያመጧቸው ናቸው። እኔ ስወለድ ሣጥን ውስጥ ነበሩ፤ እስከ ትናንት እዚያው ነበሩ። አሰብ ላይ ብርድ ልብስ የሚፈልግ ሰው ቢኖር ወደ ሐኪም ቤት ነው የሚወስዱት።

የምንቀርጸው ገና ጎሕ ሲቀድ ነው። ፀሐይ ከፍ ካለች ኮንቴይነሩ ዳቦ ይጋግራል።

መጋቢት 30

ቸኩያለሁ። ሁለተኛው መዝሙር አለቀ። መሪ ድምፅ ሳምራ፣ የከይሪያ ታናሽ፣ ሰባት ዓመቷ። የፊት ጥርሶቿ የሉም፤ «ስ» ባለች ቁጥር ታፏጫለች። ጋሽ ስለሺ ማፏጨቱን አስተካክዪ ቢሏት ከይሪያ «ያው ዋሽንት አይደል፣ በነፃ» አለቻቸው። ወንድሜ ዳግማዊ የፍየሏን ድምፅ ያወጣል። ሌላ ነገር እንዳያወጣ ተለምኗል።

የእኔ ግጥም፦

ካርታውን በላሁት፣ ጣፋጭ ነበር ዳሩ፣
ጨው ጨው አለኝ እንጂ ስደርስ ከባሕሩ።

ጋሽ ስለሺ ወደዱት። «ግን መልእክቱ ምንድን ነው?» አሉ። ሆዷ መሙላቱ ነው አልኳቸው።

ሚያዝያ 8፣ የስቅለት ዋዜማ

አባባ ለፋሲካ ሙክት ሊገዛ ወጥቶ ፍየል ይዞ መጣ። ነጭ። ሴት። የበግ ዋጋ የማይቀመስ ሆኗል፤ አዲሱ ናቅፋና ብሩ ከተጣሉ ወዲህ ገበያውም ተጣልቷል። ዳግማዊ አንገቷን አቅፎ «ካፒቴን!» አለ። አለቀ። ቤታችን ውስጥ ካፒቴን ማረድ አይቻልም። አባባ «ድሮ ልጅ ከአባቱ ፊት...» ብሎ ጀመረና ፍየሏን አጥሩ ሥር ሊያስር ሄደ።

ጋሽ ስለሺ ዛሬ አዲስ መዝሙር ጽፈው መጡ። ካሴቱ «ትምህርታዊ» እንዲሆን፦

ንጹሕ ጥርስ ያለው
ለአገር የሚጠቅም ነው።

ለሳምራ ነው የሰጡት። ጥርስ ለሌላት። ወረቀቱን እንድገለብጥ ተቀብዬ ወደ ቤት ስገባ ፍየሏ በላችው። ይህ በታሪክ ይመዝገብ። ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። እጄ ደግሞ አፏ አጠገብ ነበር። ጋሽ ስለሺን «ካፒቴን ወሰደችው» ብላቸው «አገር የሚጎዳው እንዲህ ነው» አሉ። ከዚያ አኮርዲዮናቸው ውስጥ ተደብቀው ሳቁ።

ሚያዝያ 12

ዶሮ በላን። ፍየሏ አጥር ሥር የአባባን ጋዜጣ በላች። ሁላችንም ፈሰክን።

ሚያዝያ 21

ከመጨረሻው መዝሙር በስተቀር ሁሉም አልቋል። ካሴቱ ባለቀ ቀን ክንፈ በባለሁለት በሩ ቴፕ ያባዛዋል፣ ጋሽ አለልኝ ደግሞ ለመንገድ ሁሉ ያድለዋል። «ሚሌ ሳልደርስ ረዳቴ በቃሉ ይይዘዋል፣ ኮምቦልቻ ስደርስ ማስታወሻ ይዞ ያርመኛል» ብሏል።

የመጨረሻው ግን ጣጣ አመጣ። ፍየሏ የት ትውረድ? ዳግማዊ፣ ወደ ቤቷ። ሳምራ፣ እዚሁ፣ አሰብ። «እዚህ ካርቶን አለ፣ ምን ጎደላት?» ዳግማዊ፣ እናቷስ? ሳምራ፣ እናቷም ትምጣ። ጋሽ ስለሺ፣ ፍየሏ ትምህርት ቤት ትግባ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ተርጓሚዋ እኔ ነኛ። በሚቀጥለው እነግራችኋለሁ አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው መጨረሻ መፍጠር ያቃተኝ።

ማታ ከከይሪያ ጋር ባሕሩ ዳር ሄድን፣ እግራችንን ነከርን። ውኃው ሻይ ነው። ትዝ ይልሻል አለችኝ፣ እዚህ ጋ የአባቴን ጀልባ ፈትተን ኤደን እንሄዳለን ብለሽ? ጀልባው ከአሸዋው አልተነቃነቀም ነበር። እኔ ግን መኮብለላችንን ለሰፈሩ አውርቼ ስለነበር በነጋታው «ከኤደን ተመለስን» ብለን ለሁሉም ሰው ሰላምታ አድርሰናል። እናቷ ሰላምታውን ተቀብላ ገረፈችን።

ስንመለስ ዝም ብዬ ነበር መሰለኝ። «አንቺ የምታወሪው ሁሉ ቀልድ ነው» አለችኝ፣ «ዝም ስትዪ ነው የምፈራው።»

ሚያዝያ 28

ሳምራ ከእናቷ ጋር በሰሜን ባሕሩ ዳር ወዳለችው ጥዖ ሄደች፣ የአጎቷ ሠርግ። መልሳቸው በጀልባ ነው፣ ነፋሱ ሲፈቅድ። ያለ እሷ መጨረሻውን መቅረጽ አይቻልም። ይቆያል እንግዲህ። ምን አጣደፈን።

ግንቦት 5

ባትሪ መልሼ ነበር፣ ለአባባ ስላዘንኩ። ዛሬ ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ዋለ። አባባ፣ ጋሽ አለልኝ፣ ሌሎችም ሁለት ሾፌሮች ከበውት። ድሮ የሚል ጠፋ። ድንበር፣ የሁለቱ አገሮች መግለጫ፣ ጦር። እማዬ ፎርኔሎው ላይ ሽንኩርት አሳረረች፤ እማዬ ሽንኩርት አሳርራ አታውቅም። ጋሽ አለልኝ ሲወጣ በር ላይ ለአባባ በሹክሹክታ፦ «ጭነት የለም ብለውናል። ባዶዬን ነው የምመለሰው። አስብበት፣ ክፍሌ።»

ምኑን ነው የሚያስበው?

ግንቦት 6

ባትሪውን ወሰድኩ። ዛሬ ቀረጻ የለም። ግን ምናልባት ቢኖር ብዬ።

አባባ ሬዲዮውን ሲከፍት ዝም አለው። አልነቀነቀውም። መልሶ አስቀመጠውና ጫማውን ቦርሾ ቢሮ ሄደ። ወደቡ ላይ መርከብ የለም። ጫማው ግን ያበራል።

ግንቦት 7

እማዬ ጠዋት ሣጥኑን ከፍታ ቆመች።

«ሳባ፣ ብርድ ልብሶቹ የት ገቡ?»

ግንቦት 7፣ ማታ

ብርድ ልብሶቹን ከኮንቴይነሩ አወረድኳቸው። አቧራቸውን አራገፍኩ፣ አጠፍኩ፣ አመጣሁ። እማዬ ለምን እንደወሰድኳቸው አልጠየቀችኝም፤ መጠየቅ ነበረባት፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን እስከ ማታ ትጮህብኝ ነበር። አሸተተቻቸውና «የባሕር ሽታ ይዘዋል» አለች። ከዚያ «ደሴ በዚህ ጊዜ ጭጋጉ...» ብላ ተወችው።

ባዶው ኮንቴይነር ውስጥ ገብቼ «እ» አልኩ። እእእእ።

ለከይሪያ ነገ እነግራታለሁ።

ግንቦት 8

ከሳምራ ኋላ ከሚቀበሉት የሰፈር ልጆች ሁለቱ ሄዱ። ወላጆቻቸው አልጋውን ጭነት መኪና ላይ ሲያስሩ ልጆቹ ከላይ ሆነው የእኛን መዝሙር እየዘፈኑ ነበር። ጨው ጨው አለኝ እንጂ። ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ አየ። እኔ እጄን አላወዛወዝኩም፤ ዳግማዊን ተሸክሜ ስለነበር። ዳግማዊ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ማንም አይሸከመውም።

ከይሪያ ከሰዓት ገመድ ይዛ መጣች። የአባቷ የጀልባ ገመድ፣ አዲስ።

«ምን ይሠራል?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ። የምታስሩት ነገር ካለ።»

ምን የምናስረው አለ አልኳት። በር ላይ አንጠልጥላው ሄደች። ምንም አልገባትም። ነገ እነግራታለሁ።

ግንቦት 9

አልነገርኳትም። ሙቀቱ ነው።

ክንፈ ቪዲዮ ቤቱን ዘግቷል። መስኮቱን አንኳኩቼ «ካሴቱ ሲያልቅ አባዛላችኋለሁ ብለህ ነበር» ብለው፣ ከውስጥ «ጓለይ፣ አሁን የማን ጆሮ ነው መዝሙር የሚሰማ» አለኝ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ፍየሏ መጨረሻ ላይ ደረሰች?» አለ። ገና ነች አልኩት። «ስትደርስ ንገሪኝ» አለ። በሩን ግን አልከፈተም። ድሮ ቢሆን ይከፍትልኝ ነበር።

እንግዲህ ካሴቱ አንድ ነው። ሌላ የለም። እኔ እይዘዋለሁ፤ ግጥሙ የእኔ፣ ባትሪው የእኛ። ይህን በጤነኛ አእምሮ ወስኛለሁ።

ግንቦት 10

ጋሽ ስለሺ ሊሄዱ ነው፣ ሊሰናበቱ መጡ። አኮርዲዮናቸውን በጀርባቸው እንደ ሕፃን አዝለውታል። አባባ «ለክረምቱ ነው፣ ትመለሳለህ» አላቸው። «እንዴታ» አሉት። ሁለቱም የሰፈሩ ውሸታም እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አሳዩ።

ለእኔ፦ «ጥርስ የሚለውን መዝሙር እንደገና ጽፌልሻለሁ።» ወረቀት ሰጡኝ። ፍየሏ አጠገቤ ነበረች፣ አፏን ከፍታ። አልሰጠኋትም። አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት።

እማዬ ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘውድነሽ ስትናገር ሰማሁ፣ ከጓዳ፦ «ልጅቷ ናት ያስቸገረችኝ። አታለቅስ፣ አትጠይቅ። ትቀልዳለች።»

ይሄ ነቀፋ ነው?

ረቡዕ ጠዋት ነው ወደ ደሴ የምንሄደው፣ በጋሽ አለልኝ መኪና። ሳምራ ገና ከጥዖ አልመጣችም። ነፋሱ ከደቡብ ነው፤ የከይሪያ አባት በደቡብ ነፋስ ከጥዖ የሚመጣ ጀልባ እንደ ሽማግሌ ይሄዳል ይላል። ባትመጣ መዝሙሩ እንደ ፊልሙ ሊቀር ነው። ልክ መሬት ሲታይ።

ግንቦት 11

መጡ። ሳምራ እግሯ ላይ ሂና፣ ፀጉሯ ላይ ቅቤ፣ አንድ ጥርስ ብቅ ብሎላታል። ስታየኝ መጀመሪያ ያለችው፣ «ጨረሳችሁ እንዴ?»

ከሰዓት ነበር፣ ኮንቴይነሩ ይጋግራል። ነገ ጠዋት ግን የለም። አራታችን ገባን፣ ሳምራ፣ ዳግማዊ፣ ከይሪያ፣ እኔ፤ ፍየሏም ተከትላን ገባች፣ ጥላ አይታ። ብርድ ልብስ የለም፣ አኮርዲዮን የለም። ከይሪያ ብረቱን በመዳፏ መታች፣ ጋሽ ስለሺ በጫማቸው ይመቱ እንደነበረው። ላቡ ዐይናችን ውስጥ ይገባል። ሳምራ፣ መጨረሻው ምን ሆነ አለችኝ፣ ፍየሏ የት ወረደች?

ልነግራት ብዬ የቴፑን ክዳን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

«እሺ እኔ እለዋለሁ» አለችና ቴፑን ራሷ ተጫነችው።

ካርታው ሆዴ ውስጥ ነው፣ መንገድ አይጠፋኝም፤
እሄዳለሁ እንጂ፣ ሄጄ አልቀርም።

ማን አስተማረሽ አልኳት። ራሴ ፈጠርኩት፣ ጀልባው ላይ፣ ስታስመልስ ለነበረችው አክስቴ ስዘፍንላት አለች። ከይሪያ ግድግዳውን መምታቷን አላቆመችም። መዝሙሩ ካለቀ በኋላም ትመታ ነበር። ፊቷን ወደ ብረቱ አዙራ።

ያኔ ልነግራት ይገባ ነበር። «ከይሪያ» አልኩ። «እ» አለች። «ይሄ ኮንቴይነር ሰው ይገድላል፣ እንውጣ» አልኩ።

ከቀረጻው መልስ ባትሪዎቹን ሬዲዮው ውስጥ መልሼ አስገብቼ ነበር። ማታ አባባ የታሰረው ፍራሽ ላይ ተቀምጦ የሬዲዮውን ጀርባ ከፈተ። ባትሪዎቹን አውጥቶ ዘረጋልኝ። 

«ውሰጂ። ለሥራችሁ።»

«አባባ፣ ታውቅ ነበር?»

«የደነቆረው ሬዲዮው ነው፣ እኔ አይደለሁም።» ክዳኑን መልሶ ገጠመ። «በነዚያ ቀናት ባትሪ መግዛት አቅቶኝ መሰለሽ? ዝም ሲል ጊዜ ደስ አለኝ። መንገዱንም ያለ ዜና እንሂድ።»

ቀጥሎ «ድሮ...» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። አንድ ጊዜ ቢለው ምን ነበረበት።

ግንቦት 12፣ ገና ሳይነጋ

ይህን የምጽፈው እነከይሪያ ግቢ ውስጥ፣ የውኃ በርሜሉ ሥር ተቀምጬ ነው። በአጥሩ ቀዳዳ ነው የገባሁት፤ ጠቦኛል፣ ወይ እኔ ሰፍቻለሁ። ሁሉም ደጅ ተኝተዋል፣ በዚህ ሙቀት ቤት ውስጥ የሚተኛ የለም። ፍየሏን ትናንት ማታ አባባ ለከይሪያ አባት ሰጥቶታል፤ የሳምራ አልጋ እግር ላይ ታስራ፣ በከይሪያ ገመድ ታስራ፣ ካርቶን እያመነዠከች ታየኛለች። አትጮህም፤ ካፒቴን ናት።

ገመዱን በር ላይ ትተነው ነበር። መልሳ ወስዳዋለች ማለት ነው።

ካሴቱን ሳምራ ትራስ ሥር አስገባሁት። ባትሪዎቹን ከጎኑ። ቴፑ የነሱ፣ ባትሪው የኛ የነበረ። የጋሽ ስለሺን የጥርስ መዝሙርም አብሬ ከትቻለሁ፤ ጥርሱ እየበቀለላት ነው፣ ያስፈልጋታል። አልሄድም ነበር እንዲህ እንደ ሌባ፣ ግን የምለው ነገር ላይ የቀልድ ቦታ አጣሁ፣ ያለ ቀልድ ደግሞ ማውራት አልተማርኩም።

የጋሽ አለልኝ ሞተር ተነሣ። ዳግማዊ ጋቢና ውስጥ እኔ እኔ እያለ ይሆናል። ልሂድ።

ከይሪያ ጎኗን ወደ እኔ አድርጋ ተኝታለች። ድሮ ከይሪያ ስትተኛ አፏን ከፍታ ነበር፣ ዝንብ እጠብቅላት ነበር። ድሮ አልኩ። ድሮ ማለት ባለፈው ወር ነው። ይቅር በለኝ አባባ፣ አሁን ገባኝ። ዛሬ አፏ ግጥም ብሏል። ዐይኗም እንደተኛ ሰው አልላላም፣ በግድ እንደተጨፈነ ነው፣ ሽፋሽፍቷ ይርበተበታል፣ ትንፋሿን ይዛለች፣ አሁን ደግሞ እጇ ከአንሶላው ሥር ወጣ

«ሳባ።»